ድልድዩ ይጠገናል

አምባሳደሩ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ «እምቢ» ብለው አያውቁም። «እሺ» ብለውም አያውቁም። ሌላው ሰው በሠራው ቤትና ባፈራው ንብረት እንደሚኩራራ፣ እሳቸው የሚኩራሩት በዚህ ነበር። «ከአፌ ወጥቶ መልሼ የዋጥኩት ቃል የለም» ይላሉ፣ ክራባታቸውን እያስተካከሉ። እውነታቸውን ነው። የሚዋጥ ነገር ያለበት ቃል መች ከአፋቸው ይወጣና!

በመሥሪያ ቤቱ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ይታሰብበታል» ነው የሚላቸው፤ ከኋላቸው ነው እንጂ ፊት ለፊትማ «ክቡር አምባሳደር» ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም። እሳቸው «አስብበታለሁ» አይሉም፤ «ይታሰብበታል» ነው የሚሉት። «አየዋለሁ» አይሉም፤ «ይታያል»። በእሳቸው አንደበት ማንም ሰው ምንም አያደርግም፤ ነገሩ ብቻ ይደረጋል። አንድ ጊዜ ትልቅ ግብዣ ላይ የያዙትን የቲማቲም ሾርባ የአንድ ሚኒስትር ሚስት ነጭ ቀሚስ ላይ ገለበጡት። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቅርታ፣ ደፋሁብዎት» ይል ነበር። እሳቸው ግን ባዶውን ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጎንበስ አሉና፣ «ክብርት ሆይ፣ ሾርባው በቀሚስዎ ላይ ፈስሶ ተገኝቷል» አሉ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የምትረግመው አስተናጋጁን ነው።

ይህን ችሎታ ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። ለአምባሳደርነት ያበቃቸው እሱ ነው። በአገራቸውና በጎረቤት አገር መካከል አንድ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ የብረት ድልድይ አለ። ወዲህም ወዲያም የሚነገረው ቋንቋ አንድ ነው፤ ሰዉም ይጋባል፣ ይነጋገዳል፣ ይካሰሳል። ድልድዩ ማርጀት ሲጀምር ግን «ማን ይጠግነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። «እኛ እንጠግናለን» ያለ ወገን «ድልድዩ የእኛ ነው» እንዳለ ይቆጠራል ተብሎ ተፈራ። «እናንተ ጠግኑ» ያለ ደግሞ ድልድዩን እንዳስረከበ ይቆጠራል ተባለ። የሁለቱ አገር ልዑካን በአንድ ግስ ላይ ተፋጥጠው ክረምቱን ከረሙ። አምባሳደሩ ያኔ ገና ጀማሪ ዲፕሎማት ነበሩ፤ ሥራቸው የአለቆቻቸውን ቦርሳ መሸከም ነበር። ሁሉም ሰው ተሰላችቶ ወንበሩ ላይ ማንጎላጀት በጀመረበት በአንዱ ቀን፣ ይህ ቦርሳ ተሸካሚ እጁን አወጣና አንዲት ዓረፍተ ነገር አነበበ።

«ድልድዩ ይጠገናል።»

አዳራሹ ውስጥ ተጨበጨበ። ማን እንደሚጠግን የለበት፣ መቼ እንደሚጠገን የለበት፣ የሚያስቀይመው ሰው የለበት! ሁለቱም ወገን ዕለቱኑ ፈረሙ። ቦርሳ ተሸካሚው ዕድገት በዕድገት ሆነ። ዓረፍተ ነገሯም እስከ ዛሬ ለአዲስ ተቀጣሪዎች እንደ ጥሩ ምሳሌ ትጠቀሳለች። በየዓመቱም የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን ይሰበሰብና «ድልድዩ እንደሚጠገን በድጋሚ ተረጋግጧል» ብሎ፣ ተጨባብጦ ይበተናል።

ድልድዩ ግን አልተጠገነም። መጀመሪያ ባለ ተሳቢ መኪና እንዳያልፍበት ተከለከለ፤ ቀጥሎ ተሳቢ የሌለውም፤ ቀጥሎ ጋሪ። አሁን የሚያልፍበት እግረኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቀልቡን ሰብስቦ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ያልጣመቻቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የአምባሳደሩ ባለቤት። ዕድሜ ልካቸውን ሰዋስው ያስተማሩ ስለሆኑ ሰፈሩም ዘመዱም «መምህርት» ነው የሚላቸው። ያን ዕለት ባላቸው በደስታ መሬት አልበቃቸው ብሎ ሲገቡ፣ መምህርት ዓረፍተ ነገሯን ሰምተው ጥያቄ ጠየቁ።

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ባለቤት የለውም። ውበቱ እሱ ነው» አሉ አምባሳደሩ።

«ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የለም። ‹ድልድዩ ይጠገናል› ካልክ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ድልድዩ ነው። እንግዲህ ራሱን በራሱ ይጠግናላ!»

መምህርት ይህን ጠባይ ሳያውቁ አልገቡበትም። ለጋብቻ ሲጠይቋቸው አምባሳደሩ ያሏቸው «በሁለታችን መካከል ጋብቻ ቢመሠረት ተገቢ ሆኖ ይታያል» ነበር። መምህርት የሚቀጥል ነገር ካለ ብለው ጠበቁ። አልቀጠለም። «አገባሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ካንተ ግስ እስክጠብቅ ፀጉሬ ይሸብታል።»

አንዲት ልጅ አለቻቸው። የወጣላትን ስም የሚያስታውሰው ፓስፖርቷ ብቻ ነው፤ ሁሉም «ሻንጢት» ነው የሚላት። የተወለደች ሰሞን አባቷ ወደ ሩቅ አገር ተመድበው፣ ዕቃቸው መርከብ ላይ ቀርቶ፣ አልጋ እስኪገዛላት የተኛችው በተከፈተ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቷ በተመደቡበት ሁሉ እየተከተለች አደገች። በየከተማው አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ የቤት ቁልፍ። የማይለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አምባሳደሩ ከሥራ ሲገቡ በር ላይ ቆመው «ሻንጣዬ የታለች?» ይላሉ፣ እሷም ከተደበቀችበት ወጥታ እግራቸው ላይ ትጠመጠማለች። ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ሆናለች፤ አባቷ ግን በር ላይ ቆመው መጠየቃቸውን አልተዉም።

እንግዲህ አምባሳደሩ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ በአንድ እሑድ፣ ሻንጢት አንድ ሰው ይዛ ለምሳ መጣች። ሰውዬው ከወንዙ ማዶ የመጣ መሐንዲስ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ሰፊ፣ ጫማው ሰፊ። ሰላምታ ሰጥቶ ገና ሳይቀመጥ ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ አቀና።

«ቧንቧ ነው የሚንጠባጠበው?»

«ይሠራል» አሉ አምባሳደሩ። ይህን ማለት ከጀመሩ ዓመት አልፏል።

«እኔ ልሥራው» አለ መሐንዲሱ። ኮቱን ወንበር ላይ ጣል አድርጎ ገባ፤ ከመሳቢያ አንድ ነገር አነሣ፣ አንድ ነገር አጠበቀ፣ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። መምህርት ይህን ልጅ በዚያው ቅጽበት ወደዱት። ዓመት ሙሉ ያ ጠብታ ሲያነበንብባቸው ኖሯል!

ምሳው ቀረበ፤ ሾርባ፣ ዶሮ፣ ድንች። አምባሳደሩም ሳይወዱ በግድ ልጁን ወደዱት። ምግቡን በደንብ ይበላል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሻንጢትን ሲያያት ደግሞ ሹካውን መያዙን ይረሳል። አንድ አባት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እንዲያው ለጨዋታ ያህል ስለ ሥራው ጠየቁት። ባይጠይቁት ይሻል ነበር።

«ሥራዬማ መጠበቅ ነው!» አለ መሐንዲሱ እየሳቀ። «ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የድንበሩን ድልድይ ልጠግን እጠብቃለሁ። ንድፉ አልቋል፣ ብረቱ መጋዘን ተቀምጧል። ግን ውሉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ‹ድልድዩ ይጠገናል› ትላለች። አለቀ! ማን እንደሚጠግን የለም! እኛ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚባል ያውቃሉ? ይህን የጻፈው ሰውዬ ወይ ሰክሯል ወይ ሚስቱ ከቤት አባርራዋለች!»

ሻንጢት በጠረጴዛው ሥር የመሐንዲሱን እግር ረገጠች። እሱ የፍቅር መስሎት ዞር ብሎ ፈገግ አለላት።

«ሰውዬው እንኳን አልሰከረም» አሉ መምህርት፣ ድንቹን እያቀበሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«በሰዋስው ይታወቃል።»

የአምባሳደሩ የጆሮ ጫፍ ቀላ። መሐንዲሱ ግን ለዚህ ሁሉ ባዳ ነው፤ አፉን ጠርጎ ብድግ አለና ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ። እርስዎ እንዲመርቁን ብዬ ነው የመጣሁት።»

አምባሳደሩ መልሳቸው ልባቸው ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እሺ ሊሉት ነበር። እውነት ነው፣ ሊሉት ነበር! በስካር ቢያማቸውም፣ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ግን የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ።

«ጉዳዩ በበጎ መንፈስ ይታያል።»

መሐንዲሱ «በበጎ» የምትለዋን ቃል እንደሰማ የቀረውን አልጠበቀም። ዘሎ አቀፋቸው፤ መነጽራቸው ወደ ግንባራቸው ወጣ። መምህርትን ሳመ፣ ሻንጢትን ሳመ፣ ለእናቱ ሊነግር ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ሮጠ። ሻንጢት ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ያደገችው በኤምባሲ ግቢ ነው። ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲተኛ እሷ መግለጫ እየሰማች ነው የተኛችው፤ እያንዳንዷ ሐረግ ምን ማለት እንደሆነች አሳምራ ታውቃለች። «ይታሰብበታል» ማለት ምናልባት ማለት ነው። «ይጤናል» ማለት አይመስለኝም ማለት ነው። «በበጎ መንፈስ ይታያል» ማለት ደግሞ ሞቷል፣ ተቀብሯል፣ ሐውልትም ቆሞለታል ማለት ነው።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን የሚያደርቁ አባቷን አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ የውሻዬን ነገር ታስታውሳለህ?»

«የትኛውን ውሻ?»

«እሱን ነው የምልህ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ውሻ ይገዛልኝ አልኩህ። ‹በበጎ መንፈስ ይታያል› አልከኝ። ለምን የእንስሳት ሐኪም የሆንኩ ይመስልሃል?»

አምባሳደሩ የደረቀውን ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመሩ። «እዚህኛው ላይ እኮ ተቃውሞ አልቀረበም» አሉ።

«ተቃውሞ አልቀረበም!» አለች ሻንጢት። እንባዋ መጣ። «አባዬ፣ ያለ አንተ ምርቃት አላገባም። በየአገሩ ስከተልህ ኖሬ፣ ይህችን አንዷን መንገድ ከኋላዬ ቆመህ ፊትህን ስታዞርብኝ አልሄዳትም። ብዙ አልጠይቅህም። ባለቤት ያላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ስጠኝ። ‹እኔ› ብላ የምትጀምር። እምቢም ከሆነ ‹እኔ አልፈልግም› በለኝ፤ እችለዋለሁ። እሱ ሞኙ እሺ የተባለ መስሎት ለዘመዱ ሁሉ እየደወለ ነው። ሐሙስ ለኮሚሽኑ ስብሰባ ድልድዩ ጋ ይመጣል። እስከዚያ ካልነገርከኝ፣ እውነቱን ራሴ እነግረዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት አምባሳደሩ መስታወት ፊት ቆመው ጢማቸውን እየተላጩ ተለማመዱ። «እኔ» አሉ። ደህና ወጣች። «እኔ ልጄን...» እዚህ ላይ አረፋው አፋቸው ውስጥ ገባ። ተፍተው እንደገና ጀመሩ። «እኔ ልጄን እ... ልጄ ትዳራለች።» መስታወቱን በንዴት አፍጥጠው አዩት። የዓለም ሹማምንት ፊት ላብ ጠብ ብሏቸው የማያውቁት ሰውዬ፣ ገዛ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ላብ በላብ ሆኑ!

ነገሩ የልማድ ብቻ አልነበረም። ይህን ደግሞ ያን ዕለት ነው ያወቁት። እስከ ዛሬ ሻንጢት የምትሄደው እሳቸው ወደሚሄዱበት ነበር። አሁን የምትሄደው እሳቸው ወዳልተመደቡበት ነው። «ትዳራለች» ሲሉት ነገሩ ዝናብ እንደሚዘንበው፣ ቀኑ እንደሚመሸው ያለ ነገር ነው፤ የማንም እጅ የለበትም። «እድራታለሁ» ሲሉት ግን የገዛ እጃቸው ልጃቸውን ሲለቅ ታያቸው። አምባሳደሩ ልጃቸውን በጣም ይወዷታል፤ ይህንንም «ትወደዳለች» ከማለት በቀር በሌላ ግስ ነግረዋት አያውቁም።

መምህርት በሩን ገፋ አድርገው አዩዋቸው። ባላቸው ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ ተሸፍኖ የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«አልወጣም አለኝ» አሉ አምባሳደሩ።

መምህርት ሳቃቸው መጣ፤ ግን አልሳቁም። ፎጣውን አነሡና የባላቸውን አገጭ ጠረጉ።

«ቤት ውስጥ አልወጣ ካለህ ስብሰባ ላይ ጀምረው» አሉ። «ምላስህ የለመደው ስብሰባ ነው። ያሰርከውም እዚያ ነው፤ እዚያው ፍታው። አንዷ ከወጣች ሌላዋ ትከተላለች። ስንት ተማሪ እንዲህ አድርጌ አስተምሬያለሁ።»

አምባሳደሩ ማክሰኞ ጠዋት ሚኒስትሯ ቢሮ ገቡ። አምባሳደሩ አዲስ ተቀጣሪዎችን ያሠለጥኑ በነበረ ጊዜ ሚኒስትሯ ተማሪያቸው ነበረች፤ ዛሬም «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ቢሮዋ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ፣ መስኮቱ ሥር የደረቀ አበባ አለ።

«ክብርት ሚኒስትር» አሉ አምባሳደሩ፣ «በሐሙሱ ስብሰባ ላይ አንዲት ግስ ብትለወጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።»

«የቷ ግስ?»

«‹ይጠገናል› የምትለዋ። ‹እንጠግናለን› ብትባል።»

ሚኒስትሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ? ፈተና ላይ ‹እንጠግናለን› ብዬ ብጽፍ ዜሮ የሰጡኝ እርስዎ?»

አምባሳደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚኒስትሯም ወንበሯን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጋ፣ ካስተማሯት ቃል ሁሉ የተሻለውን መረጠችላቸው።

«ይታሰብበታል፣ ጋሼ።»

ይህችን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ሲቀበሏት ግን የመጀመሪያቸው ነው። በር ቀስ ብሎ፣ በትህትና፣ አፍንጫቸው ላይ የተዘጋ መሰላቸው። ለካ እንዲህ ናት! ቦርሳቸውን ይዘው ሊወጡ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ዞሩ። ከአፋቸው የወጣው የሚስታቸው ጥያቄ ነበር።

«ማን ነው የሚያስብበት?»

ሚኒስትሯ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኔ!» አለች። «እኔ ካሰብኩበት ቆይቻለሁ። የባለቤትነቱን ነገር ያነሡት ሰዎች ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል። የእኛም ብረት ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ማንም ያልነካው ‹የጋሼ ዓረፍተ ነገር ነው› ተብሎ ነው። ይበሉት፣ ጋሼ። ‹እንጠግናለን› ይበሉ።»

ሐሙስ ደረሰ። ስብሰባው የሚካሄደው ድልድዩ አፍ ላይ ባለው የጉምሩክ አዳራሽ ነው፤ አረንጓዴ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ እርሳስ የሚያክሉ እንጨቶች ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ባንዲራዎች። በመስኮቱ ድልድዩ ይታያል። ከማዶ በኩል የተቀመጡት የወዲያኛው አገር አምባሳደር ናቸው፤ ያን ክረምት እሳቸውም ከወዲያ በኩል ቦርሳ ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ነገር ካልጣማቸው ስለሚያስሉ «ባለሳሉ» ይባላሉ። በጠረጴዛው ጫፍ መሐንዲሱ የድልድዩን ንድፍ ጠቅልሎ ታቅፎ ተቀምጧል። አምባሳደሩን ሲያይ እጁን አወዛወዘላቸው። ዛሬም እንደተለመደው ተረጋግጦ እንደሚበተን ያውቃል፤ ደስታው ግን የሚበርድ አልሆነም።

ሰብሳቢው መነጽሩን አደረገና አነበበ። «ድልድዩን በተመለከተ፣ እንደሚጠገን በድጋሚ...»

«አንዴ» አሉ አምባሳደሩ።

ሁሉም ዞረ። በኮሚሽኑ ታሪክ እዚህ ቦታ ላይ የተናገረ ሰው የለም።

አምባሳደሩ ተነሡ። ጨርቁን ጨበጥ አደረጉ። «ይህች ዓረፍተ ነገር...» አሉና ልማዳቸው ያዛቸው። «ይህች ዓረፍተ ነገር ተጽፋ...» ተዉት። ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ከጠረጴዛው ጫፍ የተጠቀለለ ንድፍ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። መሐንዲሱ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«ደግሞ አልሰከርኩም ነበር» አሉ አምባሳደሩ ወደዚያው እያዩ። «ሚስቴም አላባረረችኝም። ፈርቼ ነው። ሁላችንም ፈርተን ነበር። አሁን ግን በእኛ በኩል ድልድዩን እንጠግናለን። እኛ እንጠግናለን።»

ወጣች! ከአፋቸው ወጥታ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ የተቀመጠች መሰላቸው። ጣሪያው አልተደረመሰም። ባንዲራዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

ባለሳሉ ማሳል ጀመሩ። አሳሉ፣ አሳሉ፤ ልዑካኑ በጭንቀት ተያዩ። ውሃ ተቀዳላቸው፤ ጠጡ። «ይቅርታ» አሉ በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይህቺኛዋ የእውነት ሳል ናት። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ እኔም ልክ እንደዚያችው ያለች ዓረፍተ ነገር ኪሴ ውስጥ ነበረችኝ። ስለቀደምከኝ እስከ ዛሬ ስቀናብህ ኖርኩ። ዛሬም ቀደምከኝ! በሉ፣ እኛም ከወዲያ እንጀምራለን። እናንተ ከወዲህ ጀምሩ። መሀል ላይ እንገናኝ።»

አምባሳደሩ ሲወጡ ፀሐይዋ ድልድዩን በጎኑ ታበራው ነበር። የሥራ ዘመናቸው የመጨረሻ ቀን ስለነበር መምህርትና ሻንጢት ሊወስዷቸው መጥተዋል። ሻንጢት የድልድዩን መደገፊያ ይዛ ቆማለች። መሐንዲሱን እየጠበቀች ነው፤ ምን ብላ እንደምትጀምርለት ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራ ዓይኗ አብጧል። አባቷን ስታይ ለወጉ ያህል ጠየቀች።

«ተፈረመ?»

«ፈረምኩ» አሉ አምባሳደሩ።

ሻንጢት ቀና አለች። እንደዚህ ዓይነት ነገር የማትስት ጆሮ ነው ያላት። «ምን አልክ?»

«ፈረምኩ። እኔ። በእጄ።» ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ተሸክመው የሚናገሩት ነገር አልነበረም። «ሻንጣዬ፣ አንቺንም እድርሻለሁ። እኔ እድርሻለሁ። ልጁን እወደዋለሁ። አንቺን ደግሞ... አንቺን እወድሻለሁ፤ ይህን ከዚህ በፊት ባለመናገሬ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ውሻውንም ያልገዛሁልሽ እኔ ነኝ።»

ሻንጢት እንደ ልጅነቷ መጥታ ተጠመጠመችባቸው፤ የቁመቷ ነገር ሆኖ አሁን የምትደርሰው አንገታቸው ላይ ነው። መሐንዲሱ ንድፉን ታቅፎ ከአዳራሹ እየሮጠ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ስለ ስካሩ ነገር ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ መቼም...» ሁሉም እንደሚያለቅሱ አየና ቆመ። «ምን ሆናችሁ?»

«አባዬ እሺ አለን» አለች ሻንጢት አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እሑድ እሺ ብለውን አልነበረም እንዴ?»

«በኋላ አስረዳሃለሁ» አለችው።

አምባሳደሩ የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ እንደያዙ ማዶውን አዩ። ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የቤቶቹ መስኮት ይቆጠራል። ቢሆንም፣ «ትናፍቂኛለሽ» አሉ።

ከዚያ ደነገጡና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አሁንም አበላሸሁት መሰለኝ። ‹እኔ› የለባትም።»

መምህርት መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አላበላሸኸውም» አሉ። «ይህች ግስ እንዲሁ ናት። ‹ትናፍቂኛለሽ› ስትል ባለቤቷ እሷ ናት። አንተ ተሳቢ ነህ። ምንም ማድረግ አይቻልም።»

«ተሳቢ» አሉ አምባሳደሩ፣ ቃሏን በአፋቸው እያገላበጡ።

«ተሳቢ ከሆንክማ ና» አለች ሻንጢት። እጃቸውን ያዘችና ወደ ድልድዩ ጎተተቻቸው። መሐንዲሱ የመጀመሪያው ብሎን ከየት እንደሚፈታ ሊያሳያቸው ወደፊት እየሮጠ ነበር፤ መምህርትም የተረሳውን ቦርሳ አንሥተው ከኋላ መጡ። አሮጌው ብረት ከእግራቸው ሥር ሲጢጥ አለ። ለብዙ ዘመን ተሳቢ ያላለፈበት ድልድይ ላይ፣ አምባሳደሩ በልጃቸው እጅ እየተጎተቱ አለፉ።